የታመቀ የአፈር ብሎኬት ምንድን ነው?

ለቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው አፈር አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ተጭኖ ይጣላል። ከዚያ ለግድግዳው ብሎኬት በሌላ መኪና ይመጣል። ለሁለቱም ይከፈላል። የታመቀ የአፈር ብሎኬት ይህን ወጪ ይቀንሳል። የወጣውን አፈር በወንፊት ነፍቶ፣ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ሲሚንቶ ቀላቅሎ፣ በመጠኑ አርጥቦ በማሽን መጭመቅ ነው። እንደ ሸክላ ጡብ አይተኮስም፤ ስለዚህ ማገዶ አይፈጅም። ሲንቫ ራም የሚባለው የእጅ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮሎምቢያ ውስጥ የተሠራ ሲሆን መብራት እንኳ አይፈልግም።

የኛ ጭቃ ቤት የሚቆመው በእንጨት ነው። ባሕር ዛፉ ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ በጭድ የቦካው ጭቃ ይመረጋል። ምስጥ ቋሚውን ከበላው ቤቱ ያዘማል። የአፈር ብሎኬት ግድግዳ ግን ያለ እንጨት ቋሚ ጣሪያውን ራሱ ይሸከማል።

ግድግዳው ለብርድም ለሙቀትም ይረዳል። ለምሳሌ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወፍራም የአፈር ግድግዳ ቀን ከፀሐይ የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ያው ግድግዳ የቀትሩ ሙቀት ቶሎ ወደ ቤት እንዳይዘልቅ ያዘገየዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን አፈሩ ነው። ጥቁር መረሬ አይሆንም። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የላይኛው ለም አፈርም አይሆንም፤ እሱን ለጓሮ አትክልት አስቀምጡት። የሚፈለገው አሸዋ የበዛበትና ልክ ያለው ሸክላ (ሲርስ የሚጣበቅ ደቃቅ አፈር) የተቀላቀለበት አፈር ነው። እቤት መፈተሽ ይቻላል። ጠርሙስ እስከ ግማሹ አፈር ጨምሩበት፣ ውሃ ሙሉት፣ ደኅና አድርጋችሁ ናጡትና ለአንድ ቀን ተዉት። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመሃል፣ ሸክላው ከላይ ይረጋል። ሸክላው ከመቶ 30 ካለፈ አሸዋ ይጨመርበታል። ይህን ፈተና ሳያደርጉ ማሽን መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትዕግሥት ነው። ከማሽን የወጣው ብሎኬት ቢያንስ አንድ ሳምንት ተሸፍኖ፣ ውሃ እየተረጨለት ጥላ ሥር ይቆያል። ሲሚንቶው በደንብ እስኪጠነክር 28 ቀን ያስፈልገዋል። በችኮላ ፀሐይ ላይ የደረቀ ብሎኬት ጠርዙ ይፈረፈራል።

ለክረምቱ ዝናብ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ከግድግዳው ወጣ ያለ ጣሪያ ያስፈልጋል።

የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬና አጎራባቿ ማጀቴ በ1953 ዓ.ም. ክፉኛ ተመተዋል። የአፈር ብሎኬት ከባድ ነው፤ ሲወዛወዝም እንደ እንጨት አይተጣጠፍም። ስለዚህ ከግድግዳው በላይ ዙሪያውን ፌሮ ያለበት የኮንክሪት ማሰሪያ፣ ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም የሚሉት፣ የግድ ነው። ማዕዘኖቹም በፌሮ ይያያዙ። ወጪ ለመቀነስ ይህ ይቅር የሚላችሁ ካለ አትስሙት።