ሳይነካኩም «አውት» አለ

በሶፍትቦል፣ በዚያ ቤዝቦል መሰል ጨዋታ፣ ብዙ ተመልካች የሚሳሳተው ሯጯ (ከቤዝ ወደ ቤዝ የምትሮጠው የመቺው ቡድን ተጫዋች) «አውት» ስትባል፣ ማለትም ከሩጫው ስትወጣ ነው። «ሯጯ ተከላካይዋን አልነካቻትም፤ ታዲያ ምን አጠፋች?» ይላል።

መነካካት ግድ አይደለም። ተመትቶ መሬት ለመሬት የሚንከባለል ኳስ አለ እንበል። ተከላካይዋ ልትለቅመው ጎንበስ ስትል ሯጯ እግሯ ስር ትደርሳለች። ተከላካይዋ ግጭት ሸሽታ እጇን ሰበሰበች፤ ኳሱም አለፈ። ዳኛው ያየው ይህን ነው፦ ኳሱን የመያዝ ዕድሏ ተሰናከለ ወይስ አልተሰናከለም? ሯጯ ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው፣ ለውጥ የለውም። መንገድ መልቀቅ የእሷ ግዴታ ነው። ጨዋታው ይቆማል፣ እሷም ትወጣለች።

ተከላካዮች እርስ በርስ የወረወሩት ኳስ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሯጯ ኳሱ ጀርባዋን ስለመታት ብቻ አትቀጣም፤ ሆን ብላ ያሰናከለችው መሆን አለበት።

ተከላካይዋ ኳስ ሳትይዝ፣ ልትለቅምም ሳትል መንገድ ከዘጋችስ? ያኔ ጥፋቱ የራሷ ነው።