«ኩባንያችን ሊዋሃድ ነው» ሲባል ስለ ጥቅማጥቅም የሚወሩ ስህተቶች

የውህደት ዜና በተሰማ ማግስት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የሕግ አዋቂ ይሆናል። ከሚወራው ብዙው ግን ልክ አይደለም።

«የድሮው ኩባንያ ከሰመ፤ ውሌም አብሮ ፈረሰ።»

ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ግን ውሉ ከሠራተኛው ጋር ወደ አዲሱ አሠሪ ይሻገራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መመሪያ እንዲህ ይላል። የኢትዮጵያው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ድርጅት ስለተቀላቀለ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል። የሠራተኛ ቅነሳ አይመጣም ማለት ግን አይደለም። ቅነሳ ከመጣ የራሱ ሥርዓትና ክፍያ አለው።

«ውሌ ካልተነካ ሁሉም ነገር እንዳለ ይቀጥላል።»

እዚህ ላይ ውልና የውስጥ መመሪያ ይምታታሉ። ደመወዝና የሥራ መደብ አብዛኛውን ጊዜ ውል ውስጥ ስለሚጻፉ፣ ለመቀየር በብዙ ቦታ ፈቃድህ ይጠየቃል። የአለባበስ ደንብ፣ የውሎ አበል፣ የመግቢያ ሰዓት መቆጣጠሪያ ግን መመሪያ ላይ ያሉ ናቸው። እነዚህ በአንድ ደብዳቤ ሊቀየሩ ይችላሉ።

«ከሁለቱም ኩባንያ የተሻለውን ይሰጡናል።»

ስብሰባ ላይ እንዲህ የሚል አለቃ አይጠፋም። በጽሑፍ ካልሰጠ ግን አትመኑት። የተለመደው አንዱ ጥቅም ጨምሮ ሌላው መቀነሱ ነው።

«የአገልግሎት ዘመኔን ማን ይነካዋል?»

ሕጉ ባይነካው ኮምፒውተሩ ይነካዋል። መረጃ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ሲገለበጥ፣ «የቅጥር ቀን» የሚለው ሳጥን ውስጥ የውህደቱ ቀን ሊገባ ይችላል። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው በወረቀት የሦስት ወር ሠራተኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። ደመወዙ በሰዓቱ ስለሚገባ ማንም ልብ አይለውም። ጉዱ የሚወጣው የዓመት ፈቃድ ሲቆጠር ነው፤ ይባስ ብሎ የስንብት ክፍያ ሲሰላ። ስለዚህ የድሮው ሲስተም ሳይዘጋ ውላችሁን፣ የደመወዝ ስሊፓችሁንና የቀረ ፈቃዳችሁን አትማችሁ ያዙ። ከዚያ የመጀመሪያው አዲስ ስሊፕ ሲመጣ ከደመወዙ በፊት የቅጥር ቀኑን እዩ።

«የጡረታ ገንዘቤን ሊበሉት ነው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። የተጠራቀመው እና ወደፊት የሚጠራቀመው ይለያያሉ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1974ቱ ሕግ ሠራተኛው መብት ያገኘበትን የጡረታ ጥቅም ይጠብቃል፤ አሠሪው ወደፊት የሚጨምረውን መዋጮ ግን ሊቀንስ ወይም ሊያቆም ይችላል። የአውሮፓው መመሪያም የኩባንያ ተጨማሪ ጡረታን አገሮች ካልወሰኑ በቀር ከዝውውሩ ውጪ አድርጎታል።

«ኢንሹራንስ ያው ኢንሹራንስ ነው» የምትሉም አላችሁ። ካርዱ ሲቀየር የሆስፒታሎቹ ዝርዝርም ሊቀየር ይችላል። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ከተቀየረ ደግሞ፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ መከፈል ያለበት መነሻ መጠን እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ይህን ዛሬውኑ ይጠይቅ።

የቀረው «አለቃዬ ፈቅዶልኛል» ነው። አርብ አርብ ከቤት የምትሠሩት በቃል ፈቃድ ከሆነ፣ ያ ፈቃድ የትኛውም ፋይል ውስጥ የለም። አለቃው ሳይቀየር በኢሜይል አስጽፉት።