በፈሳሽ ውስጥ የድምፅን ፍጥነት በአልትራሳውንድ መለካት

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ግን በሰከንድ ወደ 1482 ሜትር ይፈጥናል። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ፈሳሹ ሲጨመቅ የሚያሳየው እንቢታ፣ ሁለተኛው እፍግታው ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ተካፍሎ የካሬ ሥሩ ሲወሰድ የድምፅ ፍጥነት ይገኛል። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ያህል የሚከብድ ሆኖ ሳለ በውስጡ ድምፅ በሰከንድ ወደ 1450 ሜትር የሚጓዘው፣ ለመጨመቅ ያለው እንቢታም በዚያው ልክ የበረታ ስለሆነ ነው። ከዚህ የተነሣ ፍጥነቱንና እፍግታውን በትክክል የለካ ሰው፣ ፈሳሹን በከባድ መሣሪያ መጨፍለቅ ሳያስፈልገው ምን ያህል እንደሚታመቅ ማስላት ይችላል። የልኬቱ ትልቁ ዋጋ፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ነው።

ከአልትራሳውንድ፣ ማለትም የሰው ጆሮ ከማይሰማው እጅግ ፈጣን ርግብግቢት ያለው ድምፅ በፊት፣ ለዚህ ሥራ ሐይቅ ያስፈልግ ነበር። በ1826 ዳንኤል ኮላዶንና ሻርል ስቱርም በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ በሚራራቁ ሁለት ጀልባዎች ሆነው ሞከሩት። በአንደኛው ጀልባ በኩል ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለው ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይቀጣጠላል፤ በሌላው ጀልባ ያለው ሰው ብልጭታውን ካየበት ጊዜ አንሥቶ፣ ውሃ ውስጥ በነከረው ረጅም የመስሚያ ቱቦ ድምፁን እስኪሰማ ድረስ በሰዓት ይቆጥራል። ውሃው 8 ዲግሪ አካባቢ ሳለ ያገኙት ውጤት በሰከንድ 1435 ሜትር ነበር። ዛሬ ለዚያ ሙቀት ከሚታወቀው ዋጋ የሚያንሰው በ4 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በጆሮና በሰዓት ቆጠራ ለተሠራ ሥራ እጅግ የሚደነቅ ነው።

ሐይቁን ወደ ብርጭቆ ያሳነሰው የሞገድ ርዝመት ማጠር ነው። በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ሞገድ ይሠራል፤ 2 ሜጋኸርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ አልትራሳውንድ ግን የሞገዱ ርዝመት 0.74 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዕቃ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ሞገዶች ይሰለፋሉ። እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያገኝ የሚርገበገብ ክሪስታል ነው። ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 የኳርትዝን የፒዬዞኤሌክትሪክ ጠባይ (ግፊትንና ኤሌክትሪክን የሚያያይዘውን የክሪስታል ጠባይ) ባይደርሱበት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተቻለ ነበር።

በማስተማሪያ ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚታየው መሣሪያ የአልትራሳውንድ ኢንተርፌሮሜትር ነው። ከታች ክሪስታሉ ይቀመጣል፤ ፈሳሹ ከላዩ ይሞላል፤ ከእርሱ ትይዩ ያለው የብረት ሰሌዳ በማይክሮሜትር ብሎን ከፍና ዝቅ ይላል። ወደ ላይ የሄደው ሞገድ ከሰሌዳው ተመልሶ ከመጪው ጋር ሲገናኝ፣ ርቀቱ ተስማሚ በሆነበት ቦታ ሁሉ ቋሚ ሞገድ (ሳይጓዝ ባለበት የሚርገበገብ ሞገድ) ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መለኪያው መርፌ ብድግ ይላል፣ ብሎኑ ትንሽ ሲዞር መልሶ ይወድቃል። ከአንዱ ብድግታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው። በ2 ሜጋኸርዝ፣ በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይህ 0.37 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ አንዱን ብቻ መለካት አያስተማምንም፤ ለካዩ 20 ብድግታ ቆጥሮ ብሎኑ 7.41 ሚሊ ሜትር መጓዙን ያነብባል፣ ከዚያም ለ20 አካፍሎ፣ በሁለት አባዝቶ፣ በድግግሞሹ ያባዛዋል። ብሎኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማዞር ግድ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ከተባለ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ንባቡን ያዛባዋል።

ሌላው መንገድ ድምፁን በብርሃን ማየት ነው። በ1932 በአሜሪካ ደባይና ሲርስ፣ በፈረንሳይም ሉካስና ቢካር፣ አልትራሳውንድ ፈሳሹን በየተራ እያጠጋጋና እያሳሳ ለብርሃን እንደ ማበጠሪያ ጥርሶች እንደሚሆን አሳዩ። የሌዘር ጨረር በዚያ ሲያልፍ ወደ በርካታ ነጥቦች ይከፈላል፤ በነጥቦቹ መካከል ካለው ርቀት የድምፁ የሞገድ ርዝመት ይሰላል።

ዛሬ በኢንዱስትሪ የተስፋፋው ግን አጭር የድምፅ ምት ልኮ የማሚቶውን መመለሻ ጊዜ መለካት ነው። በ5 ሴንቲ ሜትር ዕቃ ውስጥ ምቱ ደርሶ ለመመለስ 67 ማይክሮሰከንድ ተኩል ያህል ይወስድበታል። ሽቦዎቹና ክሪስታሉ ራሳቸው የሚያመጡትን መዘግየት ለማስቀረት፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ማሚቶ መካከል ያለው ልዩነት ይወሰዳል።

የሁሉም ዘዴዎች ፈተና ሙቀት ነው። በክፍል ሙቀት አካባቢ ውሃ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ ፍጥነቱ በሰከንድ በ3 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ በአንድ ዲግሪ የተሳሳተበት ሰው፣ ማይክሮሜትሩ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ከንቱ ናቸው። ዕቃው ዙሪያውን ሙቀቱ የተወሰነ ውሃ በሚዘዋወርበት ሽፋን የሚታቀፈው ለዚህ ነው። ውሃ በዚህ ረገድ ከሌሎች ይለያል፦ እንደ ኤታኖል ያሉ አብዛኞቹ ፈሳሾች ሲሞቁ ፍጥነቱ ሲቀንስባቸው፣ የውሃ ግን እስከ 74 ዲግሪ ድረስ እያደገ በሰከንድ 1555 ሜትር ከደረሰ በኋላ ነው መውረድ የሚጀምረው። ውሃና ኤታኖል በተመጠነ ልክ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ለውጥ ያካክሳል። ከሙቀት ቀጥሎ የሚያስቸግረው የአየር አረፋ ነው፤ ጥቂት አረፋ ድምፁን ክፉኛ ስለሚያዘገይ ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል።

ይህ እውቀት በሐኪም ቤት የአልትራሳውንድ ማሽን ውስጥም አለ። ማሽኑ ማሚቶውን ወደ ርቀት የሚለውጠው የሰውነት ለስላሳ አካል ፍጥነት በሰከንድ 1540 ሜትር ነው ብሎ ነው። በስብ ውስጥ ግን ፍጥነቱ ወደ 1450 ስለሚወርድ፣ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስብ በስክሪኑ ላይ ወደ 3.2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሆኖ ይታያል።