አፖካሊፕቲክ ምንድን ነው?

ክረምት በገባ ቁጥር ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ብቅ ይላል። የቀሃ ወንዝ ሲሞላ ወይም በረዶ ፒያሳን ነጭ ሲያደርጋት አንዱ ቪዲዮ ይቀርጽና «አፖካሊፕቲክ ዝናብ በጎንደር» ብሎ ይለቃል። እስካሁን አልፈው ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ተንታኝ ቃሉን ለወጣቶች ሲያስረዳ ሰማሁ። ጥፋትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንደ መሰላል ደረደረ፤ ዲዛስትረስን ከታች አስቀመጠ፣ ካታስትሮፊክን ከላዩ፣ ካታክሊዝሚክን ከእሱ በላይ፤ አናቱ ላይ አፖካሊፕቲክን ሰቀለ። «ሁሉም ተመሳሳይ ናቸው፤ ልዩነቱ የጉልበት ብቻ ነው» አለ።

ይሄን ማለፍ አልቻልኩም። ወንድሜ፣ ቃላት እንደ ወታደር ማዕረግ አይደረደሩም። እያንዳንዱ የሚናገረው የራሱ ጉዳይ አለው፤ አፖካሊፕቲክ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

መነሻው አፖካሊፕሲስ የሚለው የግሪክ ቃል ነው። ካሊፕቶ መሸፈን ነው፤ አፖ ሲጨመርበት ሽፋኑን ማንሳት፣ መግለጥ ይሆናል። ለእኛም ባዳ አይደለም። ሊቃውንቱ የዮሐንስን ራእይ አቡቀለምሲስ ይሉት የለ? እሱው ራሱ ነው። ዓረብኛ «ፕ» ስለሌለው በዚያ በኩል ሲያልፍ «ብ» ሆነ። መጀመሪያው ላይ ያለውን «አቡ» አባት ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ግን የቃሉ አካል ነው።

ሌላ ዘመድም አለው፤ በየኮረብታችን የቆመው ባሕር ዛፍ። የሳይንስ ስሙ ዩካሊፕተስ ነው፤ «ደህና አድርጎ የተሸፈነ» ማለት ነው። እምቡጡን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ትንሽ ቆብ ደፍቷል። ሊያብብ ሲል ቆቡ ወልቆ ይወድቃል፤ ውስጡ ታጥፎ የነበረው አበባ ይዘረጋል። አፖካሊፕሲስ ማለት የዚያ ቆብ መነሳት ነው። ቆቡ በርግጥ ወድቋል፤ አንድ ነገር አብቅቷል። መውደቁን አልክድም፤ በዮሐንስ ራእይ ውስጥ መቅሠፍቱም እሳቱም አለ። አበባው ግን ቀድሞም እዚያው ነበር፤ የቆቡ መውለቅ አሳየው እንጂ አልፈጠረውም። መጽሐፉም የሚዘጋው በአዲስ ሰማይና በአዲስ ምድር፣ እንባ በሚታበስበት ቦታ ነው። ተንታኙ ከመሬት የወደቀውን ቆብ ብቻ አንስቶ «ዛፉ ይሄ ነው» እያለን ነው።

ነገሩ ለጎንደር ሰው ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። በ1773 አውሮፓ ሲደርስ ከያዛቸው ብራናዎች መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ሄኖክን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ1832 ደግሞ ጀርመናዊው የሥነ መለኮት ምሁር ፍሪድሪሽ ሉከ ሄኖክንና መሰሎቹን ከዮሐንስ ራእይ ጋር አንድ ላይ አድርጎ «አፖካሊፕቲክ ጽሑፍ» በሚል ስም አጠናቸው። ይህን ዘርፍ ካስገኙት መጻሕፍት አንዱ በግእዝ የቆየልን ነው ማለት ነው። (እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሄኖክ በግእዝ ብቻ ነው ያለው» ይባላል። ትክክሉ «ሙሉው በግእዝ ብቻ ነው ያለው» ነው። የአራማይክ ቁርጥራጮች በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች ውስጥ ተገኝተዋል፤ ከፊሉም በግሪክ አለ።)

ታዲያ ሄኖክ ውስጥ ምን አለ? ፍርድ አለ፣ የጥፋት ውኃ አለ። ግን ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለውን የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የሰማይ ሥርዓት ነው። ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት ደጆች፣ የምትገባባቸው ስድስት ደጆች፣ የጨረቃ አካሄድ፣ 364 ቀን ያለው ዓመት። መልአኩ ሄኖክን ይዞ የተሰወረውን ያሳየዋል። ይህም አፖካሊፕቲክ ነው። አንድም ቤት አልፈረሰበትም።

በርግጥ ቃል ይለወጣል። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው አፖካሊፕቲክ ሲል በአብዛኛው የዓለምን መጨረሻ ነው የሚያስበው፤ መዝገበ ቃላቱም ይህን ተቀብሏል። እኔም አልከራከርም። ግን በዚህ ትርጉሙም ቢሆን አጠቃቀሙ ልክ አለው። አንደኛ፣ ዓለም ያለቀች ማስመሰል አለበት። ሁለተኛ፣ ብዙውን ጊዜ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ የመግለጥ ትርጉሙ ርዝራዥ ይመስለኛል። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. በሰደድ እሳት ጭስ የሳን ፍራንሲስኮ ሰማይ በቀን ብርቱካናማ ሲሆን ብዙዎች አፖካሊፕቲክ አሉት። ቦታው ነበር። እይታ፣ ሰማይ፣ ማስጠንቀቂያ አፖካሊፕቲክ ሊባሉ ይችላሉ። የመኪና አደጋ፣ የፈተና ውጤት፣ የቡድን ሽንፈት ግን እንዲህ ሲባል እንግዳ ይሆናል።

የቀሩትን ቶሎ ልበል። ካታስትሮፊክ ከመገልበጥ የመጣ ነው፤ ነገሩ ተገልብጦ መጥፎ ፍጻሜ ሲይዝ። ዲዛስትረስ ሥሩ ክፉ ኮከብ ነው፤ ዛሬ ግን ለከሸፈ ስብሰባም ይውላል። ካታክሊዝሚክ ጎርፍን ያዘለ ነው፤ የግሪኩ ብሉይ ኪዳን የኖኅን ዘመን ማየ አይኅ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው ሐዘን ሲነገር ደቫስቴቲንግ (ልብ የሚሰብር) ይበቃል፤ ጉዳቱንም አያሳንስም።

በአማርኛስ? ለዕለት ንግግሩ ከ«ስምንተኛው ሺህ» የተሻለ አላውቅም። እናቶቻችን ጉድ ሲያዩ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ እንዴ!» ይላሉ። የዘመኑን መጨረሻም፣ የሚታየውንም ጉድ ባንድ ይዞታል። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ከሄድን ግን ስምንተኛው ሺህ ከገባ ቆይቷል። ከክርስቶስ በፊት 5500 ዓመት ቆጥረን በእኛ አቆጣጠር 1500 ላይ ሰባቱ ሺህ ሞልቷል። ጎንደር ራሷ የተቆረቆረችው በስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነው።

ይሄ ለወሬ ነው። የጥናት ጽሑፍ ላይ ግን ሌላ ነው። «አፖካሊፕቲክ ጽሑፍ» የሚለውን «የጥፋት ጽሑፍ» ብለው የሚተረጉሙ አጋጥመውኛል። እባካችሁ «የራእይ ጽሑፍ» በሉት። ተማሪው ሄኖክን ሲከፍት የፀሐይን ደጆች ያገኛልና።