ቴይልፓይፕ ፋየር ምንድን ነው?

የአውሮፕላኑ በሮች ተዘግተዋል። ቀበቶ ታስሯል። ሞተር እየተነሳ ነው፣ አውሮፕላኑ ግን ገና ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ከክንፉ ኋላ የተቀመጠ መንገደኛ በመስኮት ሲያይ ከሞተሩ ጀርባ ረጅም ብርቱካናማ ነበልባል ይወጣል። «እሳት!» ብሎ ይጮኻል። ኮክፒት ውስጥ ግን ጸጥ ያለ ነው። ቀይ መብራት አልበራም፣ ደወል አልጮኸም። አብራሪዎቹ ምንም አላዩም።

ይህ እሳት በሙያው ሰዎች ዘንድ ቴይልፓይፕ ፋየር ይባላል። የጭስ ማውጫ እሳት ብንለውም ያስኬዳል።

ጄት ሞተር ድሮም የሚሠራው በእሳት ነው። ሆዱ ውስጥ ባለው ማቃጠያ ክፍል ነዳጅ ሳያቋርጥ ይነድዳል። ስለዚህ ጥያቄው እሳት አለ ወይ ሳይሆን እሳቱ የት ነው የሚለው ነው።

ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ስታርተሩ ያሽከረክረዋል። ትንሽ ፍጥነት ሲያገኝ ነዳጅ ይረጫል፣ መለኮሻውም ብልጭ ይላል። ሁሌም ግን እንደታሰበው አይሆንም። ነዳጁ ተረጭቶ ብልጭታው ሳይይዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያልነደደው ነዳጅ የትም አይሄድም፤ በማቃጠያው ክፍል፣ በተርባይኑ (ትኩሱ ጋዝ በሚያሽከረክረው የሞተሩ ክፍል) እና በጭስ ማውጫው ወለል ላይ ይተኛል። በኋላ ሲለኮስ ያ ሁሉ ባንዴ ይያያዝና ነበልባሉ በኋላ በኩል ይወጣል። ሞተር ሲጠፋም ይከሰታል፦ የነዳጅ መርጫው ካፈሰሰ ጠብታው የጋለ ብረት ላይ ያርፋል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ግን ይህ እሳት አይታሰብም። በውስጡ የሚያልፈው አየር ለነዳጅ ኩሬ ጊዜ አይሰጥም።

ታዲያ ደወሉ ለምን ዝም አለ? እሳት የሚያሸቱት መሣሪያዎች የተተከሉት ሞተሩ ውስጥ ስላልሆነ ነው። ያሉት በሞተሩ አካልና በውጭ ሽፋኑ መካከል ባለው ክፍተት ነው። እዚያ ፓምፖች፣ የነዳጅና የዘይት ቱቦዎች አሉ፤ እሳት ፈጽሞ መኖር የሌለበት ቦታ ነው። ቴይልፓይፕ ፋየር ደግሞ የሚነድደው በሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ትኩስ ጋዝ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የጭስ ሙቀት መለኪያው ከፍ ሊል ይችላል፤ ላይልም ይችላል። ወሬው ወደ ኮክፒት የሚደርሰው በሰው ነው። መሬት ላይ በጆሮ ማዳመጫ የሚያወራው መካኒክ ይናገራል፣ ወይም የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማማው፣ ወይም አጠገብ የቆመ አውሮፕላን አብራሪ፣ ወይም ሆስተሷ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለቱ እሳቶች መድኃኒታቸው ይለያያል።

በሽፋኑ ሥር ለሚነሳው እውነተኛ የሞተር እሳት አብራሪው ነዳጁን ይዘጋል፣ ከዚያ የእሳት እጀታውን ይስባል ወይም ቁልፉን ይጫናል። ነዳጅም፣ ሃይድሮሊክም፣ አየርም ይቋረጣል። ቀጥሎ ከጠርሙሱ ሃሎን የሚባለው ጋዝ ወደዚያ ክፍተት ይለቀቃል። ለጭስ ማውጫው እሳት ግን ያ ጋዝ ምንም አይፈይድም። እሳቱ ያለበት ቦታ አይደርስማ! ኤርባስ ላይ ደግሞ የእሳት ቁልፉን መጫን የሞተሩን ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ ስለሚያቋርጥ ነገሩን ያበላሻል። ትክክለኛው ሥራ ነዳጁን ዘግቶ ሞተሩን በስታርተር ማሽከርከሩን መቀጠል ነው። ነበልባል እየወጣ ሞተሩን ማሽከርከር እብደት ይመስላል። ነገር ግን ነዳጁ ተዘግቷል፤ የቀረችው ትራፊ ብቻ ናት። የሚነፍሰው አየር ትራፊዋን ጠርጎ ያወጣል፣ ብረቱንም ያቀዘቅዛል። ስታርተሩ እምቢ ካለ ብቻ ነው የምድር ሠራተኞች በማጥፊያ የሚረጩት። እሱም የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ኬሚካሉ የሞተሩን ውስጥ ይበላዋል።

ትልቁ አደጋ ብዙ ጊዜ ከእሳቱ ይልቅ ከሰዉ ድንጋጤ ይመጣል። አንዱ እግሬ አውጪኝ ብሎ በክንፍ ላይ ያለውን በር ከፍቶ ሲወጣ ሌላው ሞተር እየሠራ ሊሆን ይችላል። ይህ ግምት አይደለም። በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ አንድ ቦይንግ 767 ሊነሳ ሲንደረደር የቀኝ ሞተሩ ተርባይን ዲስክ ተሰባብሮ እሳት ተነሳ። ያ ቀልድ ያልነበረበት እሳት ነው፤ 170ውም ሰዎች ወጡ። ክፉኛ የተጎዳው አንድ መንገደኛ ግን የጎዳው እሳቱ አልነበረም። በግራ በኩል ወርዶ፣ ገና ያልጠፋው የግራ ሞተር ንፋስ ነው የጣለው።

«እንግዲያው ዝም ብዬ ልቀመጥ?» ለሚል ሰው ደግሞ ማንችስተር አለ። ነሐሴ 1985 እ.ኤ.አ. አንድ ቦይንግ 737 ሲንደረደር የግራ ሞተሩ ማቃጠያ ክፍል ፈነዳ። የተወረወረው ብረት በክንፉ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ታንክ ከሥሩ በሳው። አብራሪዎቹ የሰሙት ድምፅ ጎማ የፈነዳ መሰላቸው። አውሮፕላኑ ሲቆም ቀላል ንፋስ ነበልባሉን ወደ ጎኑ ገፋው። ከ137 ሰዎች 55ቱ ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ዛሬ ወለል ላይ መውጫ የሚያሳየው መብራትና በቀላሉ የማይነድደው የወንበር ልብስ እንዲስፋፋ ካደረጉት አደጋዎች አንዱ ይኸው ነው።

ከመስኮት ሆኖ ሁለቱን መለየት ለመንገደኛ ይከብዳል፤ ደግሞም የእሱ ሥራ አይደለም። የእሱ ሥራ ሆስተሷን ወዲያው ጠርቶ ያየውን መናገር ነው። «እሳት አለ» ከማለት «በግራ በኩል፣ ከሞተሩ የኋላ ቀዳዳ ነው የሚወጣው» ማለት በጣም ይሻላል። ከሽፋኑ ጎን ወይም ከክንፉ ሥር ከሆነም እንዲሁ። ሆስተሷ ለካፒቴኑ የምታደርሰው ይህንኑ ነው። እሱም ሞተሩን ማሽከርከሩን ልቀጥል ወይስ የእሳት እጀታውን ልሳብ የሚለውን የሚወስነው፣ ደወል በሌለበት፣ እሷ በነገረችው ነው።