ኮረንቲ በጓሮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምቱ ሲወጣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የጓሮ ሥራ ይበዛል። ደብረ ብርሃን ላይ የጽድ አጥር ይከረከማል፣ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ ግራይንደር ይጮኻል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ፓምፑ ማንጎውን ያጠጣል። ካቮው እርጥብ ሣር ላይ ተዘርግቷል። ከጎረቤት እየሰማን ያመንናቸው አንዳንድ ነገሮች እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላሉ።

«ብሬከር ስላለ ችግር የለም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ተራው ብሬከር የተሠራው ሽቦው ግሎ እንዳይቃጠል እንጂ ለሰው አይደለም። ባለ 16 አምፔሩ ከዚያ በታች ያለውን ዝም ብሎ ያሳልፋል። የልብን ምት ለማዛባት ግን ከዚያ 500 ጊዜ የሚያንስ ኮረንቲ ሊበቃ ይችላል። ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ነው። የሄደው ኮረንቲ በሙሉ ካልተመለሰ ወዲያው ይቆርጣል። ላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ጽሑፍና የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ስትገዙ እሱን ጠይቁ፤ ቁልፉንም አልፎ አልፎ ተጫኑት። ካልቆረጠ አይሠራም ማለት ነው።

«ሦስተኛው እግር ትርፍ ነው»

ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ አልገባ ሲል የመሬቱን እግር ሰብረው የሚሰኩ አሉ። እባካችሁ ተዉ! ፓምፑ ውስጥ የተላጠ ሽቦ የብረት አካሉን ቢነካ፣ ኮረንቲው የሚወርደው በመሬቱ ሽቦ ነው። እሱ ከሌለ በእናንተ በኩል ይወርዳል። ከፋብሪካው ሁለት እግር ይዞ የመጣ መሣሪያ የተለየ ነው። አራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን ምልክት ካለበት ድርብ መከላከያ አለው፤ የመሬት ሽቦ አይፈልግም።

«በናስትሮ ጠቅልዬዋለሁ»

የተላጠ ካቮ ሣር ላይ ሲጎተት የተጠቀለለበት ናስትሮ ይላላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጠዋት ጤዛዋን ታውቁታላችሁ። ውኃው በዚያች ክፍተት ይገባል። የተላጠው ቦታ ላይ ቆርጣችሁ ካቮውን አሳጥሩት፣ ካልሆነም ቀይሩት።

«ቦት ጫማ አድርጌያለሁ»

አንድ እጅ ግራይንደሩን፣ ሌላው የቧንቧውን ብረት ከያዘ ጫማው ምንም አያደርግም። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ላብ ቆዳን ያረጥባል፤ እርጥብ ቆዳ ኮረንቲ በቀላሉ ያሳልፋል።

«መብራት ስለጠፋ አሁን ልፍታው»

መብራት ሳይናገር ይመጣል። መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ።

«ቢይዘኝም እጄን እነጥቃለሁ»

የቤታችን 220 ቮልት ጡንቻን ያኮማትራል፤ ጣት ይጨብጣል እንጂ አይለቅም። የተያዘን ሰው በእጃችሁ አትሳቡ፣ እናንተንም ይይዛችኋል። ብሬከሩን አጥፉ ወይም ስፒናውን ንቀሉ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት አላቁት። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየተጫናችሁ እርዳታ ጥሩ። «ደህና ነኝ» ብሎ ቢነሳም ሐኪም ይየው፤ የልብ ምቱ በኋላ ሊዛባ ይችላል።