«ፀሐይ ሳለች ሣርህን አድርቅ»፦ የእንግሊዝ ገበሬ አባባልና ከበስተጀርባው ያለው ሥራ

እንግሊዞች ያገኙት ዕድል ሳያመልጥ ተጠቀሙበት ለማለት «ፀሐይ ሳለች ሣርህን አድርቅ» ይላሉ። ገበያው ደርቶ ሳለ ሸቀጡን ለሚያወጣ ነጋዴም፣ ጉልበቱ ሳይከዳው ሠርቶ ለሚያስቀምጥ ወጣትም፣ ልጇ ተኝቶ ሳለ የቤቷን ሥራ ለምትጨርስ እናትም ይባላል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ይላል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። ብረት ቢቀዘቅዝ ተመልሶ እሳት ይገባል፣ ወናፍ ይነፋበታል፣ ነገም ይቀጠቀጣል። ዝናብ ደጋግሞ የመታውን ድርቆሽ ግን ማንም ወደ ነበረበት አይመልሰውም፤ የሚቀጥለው ሣር የሚደርሰው በዓመቱ ነው። የእንግሊዙ አባባል ከምክርነቱ ይልቅ ጭንቀት የሚበዛበት ለዚህ ነው።

በጽሑፍ ከሚገኝባቸው ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ ጆን ሄይውድ እ.ኤ.አ. በ1546 ያሳተመው የእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች መድበል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሄይውድ ሕዝቡ የሚናገረውን ለቀመ እንጂ አልፈጠረውም፤ አባባሉ ከመጽሐፉ በፊት በሰው አፍ ነበር።

እዚያ ተወልዶ እኛ ዘንድ ያልተወለደበት ምክንያት የአየር ንብረቱ ነው። በሱሉልታና በመሳሰሉት የደጋ መስኮች ሣሩ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ፀሐይ ወራት ይቆያል፤ ያለወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ካላበላሸው በቀር ሣሩ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ዝናቡ ወር አይመርጥም። ሣሩ አብቦ ለአጨዳ የሚደርሰው በደቡቡ በጁን፣ በሰሜኑ በጁላይ ነው፤ በእነዚህ ወራት አራት ደረቅ ቀን በተከታታይ ማግኘት እንደ ዕጣ ነው። በጁላይ 15፣ በቅዱስ ስዊዘን ቀን፣ ዝናብ ከጣለ 40 ቀን ሳያባራ ይዘንባል የሚለው እምነትም ድርቆሹን ገና ያላስገባ ገበሬን ልብ የሚያርድ ነበር።

ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። አዲስ የታጨደ ሣር ከመቶው 80 እጁ ውኃ ነው። ለክምር የሚበቃው ውኃው ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ነው። ስለዚህ 1 ቶን ድርቆሽ ለማግኘት 4 ቶን ሣር ይታጨዳል፤ የቀረው 3 ቶን ውኃ መስኩ ላይ በፀሐይና በነፋስ መትነን አለበት። አንዲት ላም ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል በቀን 10 ኪሎ ገደማ ብትበላ ለአንድ የእንግሊዝ ክረምት፣ ማለትም ለብርዱ ወቅት፣ 1 ቶን ከ800 ኪሎ ትፈልጋለች። በዘመኑ ከ1 ሄክታር የሚገኘው 3 ቶን አካባቢ ነበርና 10 ላም ያለው ሰው የ6 ሄክታር ሣር በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ አድርቆ ማስገባት ነበረበት። ካልሆነለት ወይ መኖ ይገዛል፣ ወይ ክረምቱ ሳይገባ ከብት ይሸጣል።

ዛሬ አባባሉ ሲነሳ በብዙ እንግሊዛዊ ዐይን ላይ የሚመጣው የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ፎቶግራፍ ነው፦ እጅጌውን የጠቀለለ ሰው፣ ሁለት ፈረስ የተጠመዱበት ሠረገላ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ቀዝቃዛ ሻይ የሚጠጡ ሴቶችና ልጆች። ናፍቆቱ ከምንም የመጣ አይደለም፤ የደቦ ሥራ ነበር፣ መንደሩ ሁሉ ይወጣ ነበር፣ የድርቆሹም ሽታ በእርግጥ የሚረሳ አይደለም። ፎቶው ግን ሁልጊዜ የተነሳው በፀሐይ ቀን ነው። ዝናብ ሲጥል ካሜራ ይዞ መስክ የሚወርድ የለም።

ሥራው የሚጀምረው ሣሩን በማየት ነው። ሣር ከሁሉ የበለጠ ምግብ የሚይዘው ማበብ ሲጀምር ነው፤ ፍሬ አፍርቶ ከደረቀ በኋላ ብዛቱ ቢጨምርም እንጨት ይሆናል። በጥንቱ መስክ ላይ ቢጫ አበባ ያላት፣ ፍሬዋ በደረቀ ሽፋን ውስጥ የምትንኳኳ አንዲት ተክል አለች፤ እግር ሲነካት ከተንሿሿች አጨዳው ደርሷል ይባል ነበር። ለምግብነቱ ሲባል ከሆነ ምልክቷ ትንሽ ትዘገያለች።

ባለ ረጅም እጀታ ማጭድ የያዘ ጎበዝ አጫጅ በቀን 0.4 ሄክታር ይጨርሳል። በሁለት ፈረስ የሚጎተተው፣ ጥርሳም ምላጩ ግራ ቀኝ የሚመላለሰው ማጨጃ ግን ይህንኑ በአንድ ሰዓት ያህል ይፈጽመዋል። ፈረሶቹ ሙቀቱና ዝንቡ ሳይበረታ ገና ጎሕ ሲቀድ ይጠመዳሉ። ምላጩ ከደነዘዘ ሣሩን መቁረጡን ትቶ ይገነጥለዋል፣ ፈረሶቹም ቶሎ ይደክማሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሲሠራ ሌላ የተሳለ ምላጭ ዳር ተቀምጦ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አባባሉን ከላይ ከላዩ የሚያውቅ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዝናብ ገና እርጥብ የሆነውን፣ ዛሬ የታጨደውን ሣር ብዙም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ሊደርቅ የተቃረበውን ነው። የደረቀው ሣር ውኃውን ይመጥጣል፣ ስኳሩና ሌላው ምግቡ ታጥቦ ይወርዳል፣ ሁለተኛ ሲደርቅም ቀለሙ ይነጣል። ልምድ ያለው ገበሬ ስለዚህ ፀሐይ እስክትወጣ አይጠብቅም ነበር። ሰማዩ ገና እያንገራገረ ሳለ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የአየር ግፊት መለኪያ፣ ባሮሜትሩን፣ አይቶ ያጭዳል፤ ፀሐይዋ ስትመጣ ሣሩ ተኝቶ ይጠብቃታል። ፀሐይ ስትወጣ ማጨድ የጀመረው ጎረቤቱ ግን ሣሩ ለመድረቅ ሲቃረብ ዝናቡ ይመለስበታል። አባባሉ «ዕድል ሲመጣ ተነሥ» ተብሎ ሲተረጎም ግማሹ የሚቀረው በዚህ ነው፤ ለገበሬው ፀሐይ መጀመሪያ ሳትሆን መጨረሻ ናት።

ከአጨዳው በኋላ ሣሩ ይበተናል፣ ይገለበጣል፣ በመስመር ይሰበሰባል፣ እንደገና ይገለበጣል። በጥሩ አየር ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈጃል። ጠዋት ጤዛው ሳይጠፋ መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ማታ ዝናብ ካስፈራ ሣሩ ጉልበት በሚደርሱ ትንንሽ ክምሮች ይቆለላል፣ በማግሥቱ ጤዛው ሲጠፋ እንደገና ይዘረጋል። ዝናብ በሚበዛባቸው ቦታዎች ደግሞ ሦስት እንጨት አናታቸውን አስረው አቁመው ሣሩን በላያቸው ይሰቅሉት ነበር፤ ነፋስ ከሥሩ ስለሚገባ መሬት ላይ እንደተኛው አይበሰብስም።

መድረቁ የሚታወቀው በእጅ ነው። አንድ ጭብጥ ይነሣና እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፤ እጅ ካረጠበ ገና ነው። ከዚያ የአገዳው አንጓ ይታያል። ቅጠሉ ቀድሞ ይደርቃል፣ አንጓው መጨረሻ ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ ልጡ ከተላጠ ውስጡ ውኃ አለ ማለት ነው፣ ሠረገላው ይቆይ። ከልክ በላይ መድረቅም ጥፋት ነው። ክሎቨር (የማገጥ ዘር) የተቀላቀለበት ሣር በጠራራ ፀሐይ ከተገለበጠ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ላሚቱ የሚደርሳት አገዳው ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው የሚገለበጠው ጠዋት፣ ትንሽ ልስላሴ ሳይለየው ነው።

ቀጥሎ ክምሩ ነው፤ ባለሙያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። መሬቱ እርጥበት እንዳያስተላልፍ ከታች ጭራሮ ወይም አሮጌ ጭድ ይነጠፋል። ሠሪው ምንጊዜም መሐሉን ከዳሩ ከፍ አድርጎ ይረግጣል፤ መሐሉ ከጎደጎደ ውኃ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ግድግዳው ወደ ላይ ሲሄድ በጥቂቱ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ጠፈጠፉ ከእግሩ ርቆ እንዲወድቅ። ክምሩ ለሳምንታት እየሰጠመ ስለሚሄድ ወዲያው አይከደንም፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ በባላ ይደገፋል፣ ሲረጋ በስንዴ አገዳ ክዳን ይለብሳል። የረጋ ክምር 8 ሜትር ኩብ ያህሉ 1 ቶን ይሆናል፤ ገበሬዎች ለመሸጥ ሲፈልጉ ሚዛን ሳይሹ መጠኑን ለክተው ይዋዋሉ ነበር። በክረምቱ ድርቆሹ የሚወጣው እየተመዘዘ ሳይሆን በሰፊ ቢላዋ እንደ ዳቦ እየተቆረጠ ነው፣ ክዳኑ ሳይፈርስ።

ቸኩሎ እርጥቡን የከመረ ሰው የሚያገኘው ቅጣት እሳት ነው። እርጥብ ድርቆሽ ውስጥ ሕዋሳቱ ይተነፍሳሉ፣ ረቂቃን ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ወደ 55 ዲግሪ ሲደርስ ምግቡ መጎዳት ይጀምራል፣ ድርቆሹ የትንባሆ ቀለምና ሽታ ያመጣል። ከብቶች ይወዱታል፤ ጥቅሙ ግን ቀንሷል። ከ70 ካለፈ አደገኛ ነው፣ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ ይህም ከተከመረ ከሳምንታት በኋላ፣ ሁሉም ሰው ሥራውን ረስቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። መከላከያው ረጅም የብረት ዘንግ ወደ መሐሉ መስደድ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲወጣ በእጅ መያዝ ካልተቻለ ክምሩ ይከፈታል። ይህ የሚደረገው ውኃ ቀርቦ ነው፣ ምክንያቱም አየር ድንገት ሲገባ የጋለው ድርቆሽ ቦግ ሊል ይችላል። አንዳንዶች ገና ሲከምሩ ጭድ የጠቀጠቁትን ጆንያ መሐል አድርገው ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ላይ እየሳቡ እንደ ጭስ ማውጫ ያለ ቀዳዳ ይተዉለት ነበር።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ይህን ሁሉ አከበዱት። በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ሲጀመር ጠላት እንዳይጠቀምበት ተብሎ የአየር ትንበያ ከሬዲዮም ከጋዜጣም ጠፋ፣ የተመለሰው በሜይ 1945 ነው። ከ1940 እስከ 1944 አምስት የድርቆሽ ወቅት ገበሬው በባሮሜትሩና በሰማዩ ቀለም ብቻ ሠራ፤ «ማታ የቀላ ሰማይ የእረኛ ደስታ» የሚለው አሮጌ አባባል እንደገና የሥራ መሣሪያ ሆነ። ወንዶቹ ስለዘመቱ የሴቶች የመሬት ሠራዊት አባላት (ለእርሻ ሥራ የተመለመሉ ሴቶች) እንዲሁም የጣሊያንና የጀርመን ምርኮኞች መንሽ ያዙ። ከ1941 ጀምሮ ደግሞ ሰዓቱ በበጋ ሁለት ሰዓት ወደፊት ተገፋ። በጁን ፀሐይ በደቡብ እንግሊዝ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ሆነ፤ የናፍቆቱ ረጅም ምሽት በከፊል የመንግሥት ድንጋጌ ነው። ገበሬዎች አልወደዱትም። ጤዛ በሰዓት አይታዘዝም፤ ሠራተኛው በሰዓቱ መጥቶ ሣሩ እስኪደርቅ ቁጭ ይላል፣ ሥራው ሲጦፍ ደግሞ መውጫው ይደርሳል።

ፎቶግራፍ የማያሳየው ሌላም ነገር አለ። በ1932 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዌስትሞርላንድ፣ የሻገተ ድርቆሽ ያራገፉ ገበሬዎች ትንፋሽ የሚያሳጥር በሽታ እንደያዛቸው አንድ ሐኪም መዘገበ፤ በሽታው ኋላ «የገበሬ ሳንባ» ተባለ። ዝናብ የበዛበት በጋ የወለደው ሻጋታ የሚገድለው በክረምት፣ በተዘጋ በረት ውስጥ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። ኮቬንትሪ ውስጥ ከ1946 እስከ 1956 የተሠራችው ግራጫዋ ፈርጉሰን ትራክተር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጣች፤ በብዙ እርሻ ፈረሱን የተካችው እሷ ናት። በ1950ዎቹ ከመስመሩ እያነሣ በ20 እና በ25 ኪሎ እስር የሚያስረው መኪና ሲስፋፋ የክምሩ ጥበብ ተረሳ። እስሩ ጥቅጥቅ ስለሚል ግን ድርቆሹ ለክምር ከሚበቃው በላይ መድረቅ ነበረበት፤ ይህን ያልተረዱት ሻጋታ አሰሩ። ከዚያ ሣሩን ሳይደርቅ አየር ከልክሎ ማቆየት በረታ፣ መስኮቹም ታርሰው በአዲስ ዘር ተተኩ። ከ1930ዎቹ ወዲህ የእንግሊዝና የዌልስ አበባማ መስክ 97 በመቶው ጠፍቷል ይባላል። ናፍቆቱ ከልብ የሚያዝንበት ነገር ካለ ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማጭዱን ላብ የሚመኝ ብዙ ሰው አላየሁም።

በዛሬው አነጋገር አባባሉ አንድ መራራ ልጅም ወልዷል፦ ተቃዋሚ ፓርቲ በሚኒስትር ቅሌት «ድርቆሽ ሠራ» ሲባል የሌላውን ጥፋት ለራሱ ጥቅም አዋለ ማለት ነው። እርሻው ላይ ደግሞ በፕላስቲክ የተጠቀለለው መኖ አንድ ወይም ሁለት ደረቅ ቀን ይበቃዋል። አራቱን ቀን አሁንም የሚጠብቀው በዋናነት ለፈረስ የሚያደርቀው ገበሬ ነው፤ ፈረስ ሻጋታና አቧራ ሳንባውን ቶሎ ስለሚያውከው ገዢው እስሩን ፈትቶ ሳያሸት አይከፍልም።